ታምፓ፦ ጾመኛ አማት፣ አራት ልጆች፣ የኩባና የጣልያን ምግብ

የመንትዮች እናት፦
ሰላም የታምፓ ሰዎች። የባለቤቴ ወንድም ቤተሰቡን ይዞ ከዳላስ ሊመጣ ነው። አማቴም አብረው ናቸው። ከኛ ጋር ስምንት እንሆናለን፤ አራቱ ልጆች። «ሽሮ ዳላስም ሞልቷል፣ ታምፓ የኩባና የጣልያን ምግብ ነው የምታበሉን» ብሎ ከወዲሁ ወስኗል። የሚመጡት ደግሞ ፍልሰታ ውስጥ ነው። እማማ በኛ ሰዓት 9 ሳይሞላ እህል አይቀምሱም። ልጅ ሲጮህ ፊት የማይጠቁርበት፣ ኪስ የማይጎዳ ቤት ጠቁሙኝ። ከሁለቱም ዓይነት።

የቆየ ታምፓ፦
እህቴ፣ ለኩባ ዌስት ታምፓ ሂጂ። ኮሎምበስ ድራይቭና ዙሪያው ያሉት ትንንሽ ቤቶች ለልጅ ይመቻሉ፤ ማንም ዞሮ አያይሽም። አንዳንዶቹ ግን ምሳ ካለፈ ስለሚዘጉ ቀድመሽ ደውይ። ኢቦር ሲቲ የሚባለው የታምፓ ሰፈር ያለው ኮሎምቢያ ከ1905 ጀምሮ የሚሠራ፣ የፍሎሪዳ አንጋፋ ምግብ ቤት ነው። ለእንግዳ ያኮራል፤ ከመንትዮች ጋር ግን አልመክርሽም። ልጆቹን ኢቦር የምትወስጃቸው ለዶሮዎቹ ነው። ከነጫጩቶቻቸው መንገድ ላይ ይንጎራደዳሉ፣ የሚነካቸው የለም። ከዳውንታውን የሚወስደው የጎዳና ባቡርም በነጻ ነው።
ደግሞ ኩባና ጣልያን እዚህ ከተማ ሩቅ አይደሉም። ኩባውያኑና ሲሲሊዎቹ የኢቦር ሲጋራ ፋብሪካዎች ውስጥ አብረው ነው የሠሩት። የታምፓ ኩባ ሳንድዊች ሳላሚ የሚሉት የጣልያን ቋሊማ የሚገባበት ለዚህ ነው ይባላል። ማያሚዎች ሳላሚ አያስገቡም፤ ክርክሩም አያልቅም።

ማድ ቤት የሠራች፦
ቆይ፣ ሳንድዊቹን ተዪው፤ አሳማ በአሳማ ነው። የኩባ ማድ ቤት ሠርቻለሁ። እማማ ዳቦውንም እንዳይነኩ። ሲያዩት ጾም ይመስላል፣ ግን የኩባ ዳቦ በባህሉ የሚቦካው በአሳማ ሞራ ነው። ጥቁር ቦሎቄው ብዙ ቦታ ሃም አለው። ከሩዝ ጋር አብሮ የሚበስለው ደግሞ ቤከን፤ ሁለቱም አሳማ ነው። ቦሊቼ የሚሉት የበሬ ጥብስ እንኳ ሆዱ ውስጥ ቾሪሶ፣ የአሳማ ቋሊማ፣ ተደብቋል። «ሥጋ አለው?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ሃምን ከሥጋ የማይቆጥር አስተናጋጅ ሞልቷል። አሳማ፣ ሞራ፣ የዶሮ መረቅ እያልሽ አንድ በአንድ ጠይቂ።
ለእማማ ነጭ ሩዝ፣ በነጭ ሽንኩርትና በኮምጣጣ ብርቱካን የሚቀርብ ካሳቫ፣ የተጠበሰ ፕላንቴን እዘዢ። ለልጆቹ ሮፓ ቪዬሃ፤ የተበጣጠሰ የበሬ ሥጋ በቲማቲም ነው፣ ይወዱታል። ጣልያን ቤት ይቀላል። ደረቅ ፓስታ በቲማቲም፣ ወይ ማሪናራ ፒዛ፤ እሱ ከጥንቱም አይብ የለውም። እዚያው ቤት የሚሠራ ትኩስ ፓስታ ግን ብዙ ጊዜ እንቁላል አለው።

ኢስላ፦
ሆዴን አላወሳችሁት። ከሶማሊያ ጦርነት በኋላ ኩባ፣ ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ ወደምትባል ደሴት ከተላኩት የኢትዮጵያ ልጆች አንዱ ነኝ። ግማሽ ቀን ትምህርት፣ ግማሽ ቀን ግሬፕፍሩት ለቀማ ነበር። ሮፓ ቪዬሃን ያወቅሁት እዚህ አሜሪካ መጥቼ ነው። እዚያ የምንበላው ሩዝና ቦሎቄ ነበር፣ አንገሽግሾናል። ዛሬ ያንኑ ሩዝና ቦሎቄ ፍለጋ ከተማ አቋርጣለሁ። ሰው «አገርህ ናፈቀህ?» ሲለኝ የትኛውን እንደምመልስ ግራ ይገባኛል። ዌስት ታምፓ ስትገቡ ግን ስለ ፊደል ካስትሮ አታውሩ። ከጎናችሁ ያሉት ሽማግሌ እሱን ሸሽተው የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ።

ሒሳብ ያዥ፦
ስለ ምግቡ ተብሏል፣ ስለ ሒሳቡ ልንገራችሁ። ስምንት ሰው ከሆናችሁ ብዙ ቤቶች ጉርሻውን ራሳቸው ይደምሩታል፤ 18 ወይም 20 በመቶ። በፍሎሪዳ ሕግ ይህን ሜኑው ላይ መጻፍ አለባቸው። ደረሰኙን ሳታነቡ ሌላ ጉርሻ እንዳትደርቡ። ካልተደመረ ደግሞ 20 በመቶ ተዉ። አሠሪ ለአስተናጋጅ ከዝቅተኛው ደመወዝ በሰዓት 3 ዶላር ከ2 ሳንቲም ቀንሶ መክፈል ይፈቀድለታል፤ ጉርሻው ያሟላዋል ተብሎ ነው። የኛ ሰው ሁለት ዶላር ጥሎ ሲወጣ አፍራለሁ።

ላኪው፦
አንተ እፈር። እኔ በየወሩ ለእናቴ፣ ለሁለት እህቶቼና ለአጎቴ ልጅ እልካለሁ። የደመወዝ ጉድለት የሚሞላው ባለቤቱ እንጂ እኔ ነኝ? ስምንት ሰው አንድ ማታ የሚበላው አዲስ አበባ ስንት ቀን ያኖራል!

ማድ ቤት የሠራች፦
ወንድሜ፣ አስተናጋጇም እናት አላት። እሷም ትልካለች። ጉርሻው ከከበደህ ባንኮኒ ላይ የሚታዘዝበት ቤት ብላ።

ላኪው፦
አልከበደኝም። መርሁን ነው ያልኩት።

ሒሳብ ያዥ፦
በመርህህ የተቀጣው ሬስቶራንቱ ሳይሆን ሳህኑን ያነሳችው ልጅ ናት።

የመንትዮች እናት፦
እናንተ ሰዎች፣ ፍቅር ይኑራችሁ። ኩባው ገብቶኛል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጣልያኑንስ ቤት የትኛውን ልያዝ? ማንም አልነገረኝም እኮ።

የቆየ ታምፓ፦
የት ሰፈር ናችሁ? ብራንደን ወይስ ኒው ታምፓ?

ላኪው፦
ቆይ እኔ የምለው፣ ልጆቹስ አይጾሙም? ፍልሰታ የልጆች ጾም አይደለም እንዴ? ሮፓ ቪዬሃ ማብላት ምን ማለት ነው?

የመንትዮች እናት፦
የኔዎቹ ገና 5 ዓመታቸው ነው። የዳላሶቹን አባታቸውን ጠይቀው። ኒው ታምፓ ነን።