የነን ካፌ ብር አልገባልኝም፣ ካፌም አያስገቡኝም። ማን ጋ ልሂድ?

የዶርም ልጅ፦ ሰላም ልጆች እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ነን ካፌ ነኝ፣ ማለት ግቢው ካፌ መብላት ትቼ የምግቡን ብር በየወሩ በአካውንቴ ነው የምቀበለው፣ ያለፈው ወርም የዚህ ወርም ብር አልገባም፣ የዶርሜ ልጆች ግን ሁሉም ገብቶላቸዋል። ካፌ ልግባ ብዬ ብሄድ ሚል ካርዴን (የምግብ ካርዱን) ስለመለስኩ በር ላይ የሚቆጣጠረው ቲከሩ ሊስት ላይ የለሽም ብሎ ከበር መለሰኝ። ፋይናንስ ስሄድ የተማሪዎች ዲን ጋ ሂጂ ይሉኛል፣ ዲን ጋ ስሄድ ፋይናንስ። እናቴ ጋ አልደውልም፣ የላትም። በዶርም ልጆች እየበላሁ ነው፣ ሰኞ ደሞ ሚድ ፈተና አለ።

አቡሽ ፬፦ ዲን ቢሮ ሂጂ።

ሳሚ ጅማ፦ የተማሪዎች ዲን ነው የሚመለከተው እሱ ጋ ሂጂ

የዶርም ልጅ፦ ሄጃለሁ እኮ ከላይ ጽፌያለሁ 😭

ጋሽ መምህር፦ ልጄ፣ በመጀመሪያ ይሄ ብር መንግስት በነጻ የሚሰጥሽ እንዳይመስልሽ። ወጪ መጋራት ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፣ የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ተመራቂው ነው የሚከፍለው፣ ስራ ስትይዢ ከደሞዝሽ በየወሩ ይቆረጣል። ከፍለሽ እስክትጨርሺ ድረስ ኦሪጅናል ዲግሪሽ አይሰጥሽም። ብዙ ተማሪ ፎርሙን ሳያነብ ይፈርምና ከተመረቀ በኋላ ያለቅሳል። ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ።

ሀያት፦ ጋሼ ያሉት ልክ ነው ግን ልጅቷ ዛሬ ምን ልብላ ነው እያለች ያለችው

የዶርም ልጅ፦ እሱን አውቃለሁ ጋሼ። እኔን የሚያናድደኝም እሱ ነው፣ ብሩ በስሜ እዳ ሆኖ ይጻፋል፣ እኔ ጋ ግን አልደረሰም። ያልበላሁትን ነው ነገ የምከፍለው?

ቢኒ ሲቪል፦ መጀመሪያውኑ ነን ካፌ ለምን ሆንሽ? በቀን 22 ብር የነበረው በ2017 ዓ.ም. 100 ብር ሆነ ብለው ሁሉም ተንጋግቶ ወጣ፣ ውጪ ግን 100 ብር አንድ ምግብ አይሸፍንም። ካፌ ብትሆኚ ቢያንስ ሶስቴ ትበያለሽ። ሽሮው ይናፍቅሻል ብዬ ነበር 😂

የዶርም ልጅ፦ ጨጓራ አለብኝ፣ የካፌው ምግብ አልተስማማኝም፣ በሃኪም ወረቀት ነው የወጣሁት። ከልጆች ጋር አዋጥተን ዶርም እንሰራለን።

ሳሚ ጅማ፦ ዲኑ ጋ ግን ራሱ ጋ ሂጂ ጸሃፊዋ ጋ አይደለም

ፋይናንስ የሰራሁ፦ እህቴ ይሄን በደንብ አንብቢ። የነን ካፌን ስም ዝርዝር የሚያዘጋጀው ዲን ቢሮ ነው፣ ፋይናንስ በተላከለት ሊስት ፔይሮል (የክፍያ ዝርዝር) ሰርቶ ወደ ባንክ ይልካል። ስለዚህ ሁለቱም ጋ ስትሄጂ «ብሬ አልገባም» አትበይ፣ እንደዛ ስትዪ ወደ ሌላው ይገፉሻል። ዲን ቢሮ «የዚህ ወር የላካችሁት ሊስት ላይ ስሜን አሳዩኝ» በይ። ከሌለሽ ችግሩ እዛው ነው። ካለሽ ፋይናንስ ሄደሽ ፔይሮሉ ላይ አካውንት ቁጥርሽን አሳዩኝ በይና ከባንክ ደብተርሽ ጋር አሃዝ በአሃዝ አስተያዪው። የንግድ ባንክ ከሆነ በ1000 የሚጀምር 13 አሃዝ ነው፣ እኔ በነበርኩበት ጊዜ አንድ ዜሮ ተዘሎ ብሩ ተመላሽ የሆነባቸው ልጆች ብዙ ነበሩ፣ ማንም ደውሎ አይነግራቸውም። የአያት ስምም ፊደሉ ከባንኩ ከተለየ ያው ነው።

ሀያት፦ ይሄ ነው መልስ 👏 ሌላ ደግሞ የዘንድሮን የወጪ መጋራት ውል ሞልተሻል? በየዓመቱ ነው የሚሞላው፣ ፎቶ የሚለጠፍበት፣ የእናት ስም ምናምን የሚጠይቀው ፎርም። እኛ ግቢ ያልሞላ ከሊስት ይወጣል። አገልግሎቱን በዓይነት ነው በገንዘብ ነው የምትወስጂው የሚለው ላይ ምግብን የቱ ጋ እንዳደረግሽም እይ፣ በዓይነት ላይ ምልክት ካደረግሽ ካፌ እየበላሽ እንደሆነ ነው የሚቆጠረው።

አቡሽ ፬፦ ዲን ቢሮ ሂጂ ካልሆነ የተማሪ ህብረት ጋ

ቢኒ ሲቪል፦ ስለ ጨጓራው ይቅርታ አላወቅኩም። ግን ህብረት የሚለው ልክ ነው፣ የተማሪ ህብረት ውስጥ የምግብ ጉዳይ የያዘ ልጅ አለ፣ እሱ ይዞሽ ከገባ ቲከሩ ለጊዜው በወረቀት ያስገባሻል። ሚዱን በባዶ ሆድ አትቀመጪ፣ ጨጓራም ቢሆን እንጀራውን ብቻም ቢሆን ብዪ።

ፋይናንስ የሰራሁ፦ በቃል ብቻ አትጠይቂ። አንድ ገጽ ማመልከቻ ጻፊ፣ መዝገብ ቤት አስገቢ፣ በእጅሽ በሚቀረው ኮፒ ላይ ቁጥርና ቀን አስጽፊ፣ ማህተም አስመቺ። ያልደረሰሽ የሁለቱ ወር ብር በእዳሽ ላይ እንዳይያዝ የሚል መስመር አስገቢበት። ብሩ ከገባልሽ ጥሩ፣ ካልገባ ስትመረቂ የምትከራከሪው በዛች ኮፒ ነው፣ አትጣያት።

ጋሽ መምህር፦ ይሄ ጥሩ ምክር ነው። እኔም ለማስፈራት አይደለም ልጄ፣ በስምሽ የተያዘ ብድር ስለሆነ እንደ ልመና ሳይሆን ቀና ብለሽ ጠይቂ ለማለት ነው።

ሀያት፦ የዶርም ልጅ ምን ሆነ? ሊስቱን አሳዩሽ?

ኪያ፦ እኔም አንድ ጥያቄ፣ ጓደኛዬ ዊዝድሮው ሞልቶ ትምህርቱን አቋርጦ ነበር፣ ዘንድሮ በሪአድሚሽን (እንደገና ተቀብለውት) ተመልሷል፣ ሊስት ላይ ጭራሽ የለም፣ እሱም ውሉን እንደገና ይሞላል?

ፋይናንስ የሰራሁ፦ አዎ፣ የሚማርበትን ዓመት ይሞላል። መጀመሪያ ሬጅስትራር ሲስተም ላይ አክቲቭ መሆኑን ያረጋግጥ፣ ከዛ ነው ዲን ቢሮ። የድሮውንም ውል ኮፒ ይዞ ይሂድ።