የኢትዮጵያ ቀን ላይብረሪዬ ስንት የጃንጎ ቨርዥን ተሸክማ ትሂድ?

ቀን_ቆጣሪ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ለጃንጎ (ዌብሳይት ለመሥራት ለሚጠቅመው የፓይተን ፍሬምወርክ) የጻፍኳት አንዲት ትንሽ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች ውስጥ የሚገባ ዝግጁ ኮድ፣ አለችኝ። ተጠቃሚው ፎርም ላይ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ይሞላል፤ እሷ ወደ ፈረንጅ ቀን ቀይራ ዳታቤዝ ውስጥ ታስቀምጣለች። ሲያሳይም መልሳ ትገለብጠዋለች። መጀመሪያ ለአንድ ሥራ ብቻ ነበረች። ሰው ለሰው ተቀባበላትና አሁን የማላውቃቸው ፕሮጀክቶች ውስጥ ሁሉ ገብታለች።

ጭንቀቴ እዚህ ላይ ነው። አንዱ ፕሮጀክት አሁንም ጃንጎ 2.2 ላይ ነው። ሌላው 3.2፣ አዲሶቹ ደግሞ 4.2 እና 5.2። አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይጮኻል። ኮዱን ብትከፍቱት ግማሹ «ይሄ ከሌለ ያንን ኢምፖርት አድርግ (ከሌላ ፋይል አምጣ)» ነው። በዚያ ላይ ዋናው ፊልድ (ቀኑን የሚይዘው ክላስ) «ዩቲልስ» የሚባል ፋይል ውስጥ ከምኑም ከምናምኑም ጋር ታጭቆ ይገኛል። «ፊልድስ» ወደሚል የራሱ ፋይል ላወጣው እፈልጋለሁ።

የላይብረሪዬን አዲስ ቨርዥን 2.0 ብዬ ሁሉንም ሰብሬ ልገላገል? ወይስ እስከ መቼ?

ፍጥነት_ነው፦

ስበር! በነጻ ነው የምትሠራው። የጎግሉ የዌብ ፍሬምወርክ አንጉላር በ2016 ከዜሮ ሲጻፍ ማንን አስፈቀደ? ያልተመቸው አሮጌው ላይ ይቀመጥ።

አሮጌ_ሰርቨር፦

@ፍጥነት_ነው ምሳሌህ ራስህን ነው የሚመታው። የድሮው አንጉላር ጄኤስ እኮ እስከ 2021 መጨረሻ ጥገና ሲደረግለት ነበር። ጎግል ለዚያ የሚሆን ሰው አለው። ቀን ቆጣሪ ያለው ምናልባት ቅዳሜ ከሰዓት ነው።

ቀን ቆጣሪ፣ አሮጌ የጃንጎ ፕሮጀክቶችን ወደ አዲስ ማሻገር እንጀራዬ ነው። ስለዚህ ከተጠቃሚው ወገን ሆኜ ልንገርህ። አንድ ስም ጠፍቶ ኢምፖርቱ ቢፈነዳብኝ አልቀየምህም። ሰርቨሩ ሳይነሳ ይነግረኛል፣ አስተካክዬ አልፋለሁ። እኔን የሚገድለኝ ዝም ብሎ የሚለወጥ ነገር ነው።

«ዩዝ ቲዚ» የሚባለውን የሰዓት ሰቅ ሴቲንግ ውሰድ። ካልጻፍከው ድሮ «ፎልስ» ነበር፤ ጃንጎ 5.0 ላይ «ትሩ» ሆነ። ይህ ላንተ ላይብረሪ ምን ማለት እንደሆነ አስበው። ለመስከረም 1 ቀን 2016 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ ሰባት ተኩል ላይ ልጅ ተወለደ እንበል። ነርሷ «ዛሬ» የሚለውን በተን ተጫነች። ኮድህ ዛሬን የሚያገኘው ከ«ታይምዞን ናው» (የአሁኑን ሰዓት ከሚሰጠው የጃንጎ ፋንክሽን) ላይ ቀኑን ቆርጦ ከሆነ፣ ድሮ የአዲስ አበባን ሰዓት ነበር የሚሰጥህ። አሁን የሚሰጥህ ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ነው፣ ሦስት ሰዓት ወደኋላ። ስለዚህ ልጁ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ተወለደ ተብሎ ይመዘገባል። ቀኑ ብቻ አይደለም፣ ዓመቱም ሄደ! ኤረር የለም፣ ሎግ ላይ ምንም የለም። ቴስትህም ቀን ቀን እስከሆነ ድረስ አረንጓዴ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በፊት ቴስት የሚያስሮጥ ማን አለ?

«ሎካል ዴት» የሚለው ፋንክሽን ይሄን ይፈታል፤ ግን ሴቲንጉ «ፎልስ» የሆነ ፕሮጀክት ላይ ራሱ ኤረር ይወረውራል። ስለዚህ ሴቲንጉን አይተህ ሁለት መንገድ አድርግ። መሸከም ያለብህ እንዲህ ያለውን ነው።

ፊልዱን ማዛወር ደግሞ ትችላለህ፣ ግን የድሮ አድራሻውን አትሰርዝ። ላይብረሪህን የተጠቀመ ሰው ሁሉ ሚግሬሽኑ (የዳታቤዝ ለውጥ የሚመዘገብበት ፋይል) ውስጥ የ«ዩቲልስ» መንገድ ተጽፎበታል። ሞዴሉን ቢያስተካክልም የዛሬ ስንት ዓመቱ ሚግሬሽን ያንን ስም ይፈልጋል። ካጣው «ማይግሬት» ባለ ቁጥር ይወድቃል። ጃንጎ ራሱ «ነል ቡሊያን ፊልድ»ን 4.0 ላይ ሲያስወጣ ለድሮ ሚግሬሽኖች ሲል ክላሱን እዚያው ትቶታል። አንተም ክላሱን «ፊልድስ» ውስጥ አድርገውና «ዩቲልስ» ላይ አንዲት የኢምፖርት መስመር ተው። የድሮውን ስም ሰብክላስ (ከዋናው የሚወርስ ሌላ ክላስ) እንዳታደርገው፤ ያኔ ጃንጎ ፊልዱ የተለወጠ መስሎት ወደ አዲሱ ስም የተሻገረውን ሁሉ አዲስ ሚግሬሽን ያስጽፈዋል።

የቀረው ቀላል ነው። እነዚያ የኢምፖርት ቅርንጫፎች አብዛኞቹ አያስፈልጉህም። «ዩ» የሌለበት «ጌትቴክስት ሌዚ» (የትርጉም ፋንክሽኑ) 2.2 ላይም 5.2 ላይም ይሠራል። ፊልዱ ላይ «ኮንቴክስት» የሚል አርጊዩመንት ካለም የ1.11 ዘመን ትራፊ ነው፣ አውጣው።

ለሚወጣው ነገር ደግሞ የጃንጎን ደንብ ተከተል። መጀመሪያ ወርኒንግ፣ ቀጥሎ ማውጣት። የድሮው «ዩአርኤል» ፋንክሽን 3.1 ላይ ወርኒንግ ተሰጠበት፣ 4.0 ላይ ወጣ። ወርኒንጉን ስትጽፍ «ስታክ ሌቭል» 2 በል፣ አለዚያ ያንተን ፋይል ነው የሚጠቁመው፤ ሰውየው የራሱን መስመር አያገኝም። ፓይተን ደግሞ እነዚህን ወርኒንጎች ብዙውን ጊዜ ይደብቃቸዋል። ሪድሚው (የላይብረሪህ መግለጫ ፋይል) ላይ ቴስታቸውን «ፓይተን» ከሚለው ቀጥሎ «ዳሽ ደብልዩ ዲ» ብለው እንዲያስሮጡ ንገራቸው።

ሁለት_ነጥብ_ሁለት፦

ጃንጎ 2.2 ላይ ካሉት አንዱ እኔ ነኝ፣ ይቅርታ 😅 ሰርቨሩ የደንበኛ ነው። ፓይተን 3.6፣ ንካው ቢሉኝም አልነካውም። ለእኛ ብለህ አትቸገር። ልመናዬ ሁለት ነው። አሮጌዎቹን ቨርዥኖች ከፓይፒአይ (የፓይተን ላይብረሪዎች ማከማቻ) ላይ አታጥፋ። አዲሷ የምትፈልገውን ዝቅተኛ የፓይተን ቨርዥንም በግልጽ ጻፍ፤ ፒፕ (ላይብረሪ የሚጭነው ፕሮግራም) ያንን አይቶ ለእኔ አሮጌዋን ራሱ ይመርጥልኛል።

ጃንጎ ከ4.2 ጀምሮ ብለህ ስትጽፍ ግን ሰዉን አስጠንቅቅ። ፓይተኑ አዲስ ሆኖ ጃንጎው አሮጌ የሆነ ሰው ላይብረሪህን ብቻውን «አፕግሬድ» ቢል ፒፕ ጃንጎውንም አብሮ ከፍ ያደርግበታል። ሌላ ላይብረሪ እንዲህ አድርጎ አርብ ማታ ጉድ ሠርቶኛል። የጃንጎ ቨርዥኑ ሪኳየርመንትስ (የሚጫኑት ዝርዝር ፋይል) ላይ ተቆልፎ ሁለቱ አብረው ሲጫኑ ግን ችግር የለም፤ ፒፕ የሚስማማውን ፈልጎ ወደኋላ ይመለሳል።

ቀን_ቆጣሪ፦

ተባረኩ። እንግዲህ የመጨረሻዋ 1.x ወርኒንጎቹን ይዛ ትወጣለች፤ 2.0 ከጃንጎ 4.2 ጀምሮ ይሆናል። «ዩቲልስ» ላይ ያቺን መስመር እተዋለሁ። የ«ዛሬ»ውን ጉዳይ ግን ለሁለቱም ነው የማስተካክለው፣ ያ የማንም ልጅ ልደት ነው።

አንድ የቀረኝ፦ «ዩቲልስ» ውስጥ የትም ያልተጻፉ ትንንሽ ፋንክሽኖች አሉ። እነሱንስ ለተጠቃሚ የገባሁት ቃል አድርጌ ልቁጠራቸው?

አሮጌ_ሰርቨር፦

አትቁጠር። ጃንጎም ተረጋግቶ ይቆያል የሚለው ዶክመንቴሽን ላይ የተጻፈውን ነው። ሪድሚህ ላይ ከሌለ ስሙን በአንደርስኮር አስጀምረውና እንደፈለግህ አድርገው።

ያቺን ጳጉሜን አምስት ናት ስድስት የምትለዋን ፋንክሽን ግን ተዋት። ሁለት ደንበኛ ጋ እየተጠቀምኩባት ነው።