ቀነኒሳ በ42 ዓመቱ ለፓሪስ መመረጡ ልክ ነበር?

ሳምሪ፦
ይሄን ነገር ዛሬ በደንብ እንነጋገርበት። ቀነኒሳ በቀለ በ2024 ለፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን ተመረጠ። ዕድሜው 42 ነበር። ከለንደን 2012 ወዲህ ኦሊምፒክ ላይ አልታየም፣ 12 ዓመት ሙሉ ማለት ነው። ውጤቱን ታውቃላችሁ፣ በ2:12:24 39ኛ ወጣ። ወርቁን ታምራት ቶላ በ2:06:26 በኦሊምፒክ ሪከርድ ወሰደ። ታምራት ደግሞ መጀመሪያ ተጠባባቂ ነበር። ከተመረጡት አንዱ ሲሳይ ለማ ባይጎዳ ኖሮ ውድድሩን የሚያየው በቴሌቪዥን ነበር። የኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ቀነኒሳ መመረጥ አልነበረበትም። የምወደው ሯጭ ነው፤ ግን ቦታው ሦስት ብቻ ነው፣ የትናንት ውለታ መመለሻ አይደለም። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የበቆጂዋ፦
ሳምሪዬ፣ ውለታ ነው ያለሽ ማነው? በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ለንደን 2:04:15 ሮጦ ሁለተኛ ወጥቷል። አሸናፊው ኬንያዊው ሙቲሶ የቀደመው በ14 ሰከንድ ነው። በ2023 መጨረሻ ቫሌንሲያ ላይ 2:04:19 ሮጦ አራተኛ ነበር። 40 ዓመት ያለፈው ሰው ከሱ በፊት እንዲህ ሮጦ አያውቅም። ለንደን ላይ እኮ ታምራትም ተሰልፎ ነበር፣ አቋርጦ ወጣ። መራጮቹ እጅ ላይ የነበረው መረጃ ይሄ ነው። ነሐሴ ላይ ቁጭ ብሎ በሚያዝያ ምርጫ ላይ መፍረድ ቀላል ነው።

ሚኪ፦
እሱ እውነት ነው፤ ግን የትኛው መንገድ ላይ? ለንደን ሜዳ ነው። ፓሪስ ከከተማው ማዘጋጃ ቤት ተነስቶ እስከ ቬርሳይ ሄዶ የሚመለስ፣ በድምሩ ከ400 ሜትር በላይ የሚያስወጣ መንገድ ነው። 28ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ያለውን ዳገት ያያችሁ ታስታውሳላችሁ፣ ሰው ወደ ላይ የሚሮጥ ሳይሆን ደረጃ የሚወጣ ነበር የሚመስለው። ከዚያ ደግሞ ቁልቁለቱ አለ፣ ባቱንና የተረከዝ ጅማቱን ለዓመታት ሲታመም ለኖረ ሰው ቁልቁለት ከዳገት ይብሳል። ታምራት በ2023 ኒውዮርክን ያሸነፈው በ2:04:58 የቦታውን ሪከርድ ሰብሮ ነው። ኒውዮርክ ድልድይና ዳገት ነው፣ አሯሯጭም የለም። ከፓሪስ ጋር ከዚህ በላይ የሚቀራረብ ውድድር ከየት ይመጣል? መራጩ የሰዓት ዝርዝር ብቻ ሳይሆን መንገዱንም ቢያይ ኖሮ ታምራት የመጀመሪያው ተመራጭ ይሆን ነበር።

ጋሽ ተሾመ፦
ልጆች፣ በመንገዱ ተከራከሩ፣ ዕድሜን ግን ተዉት። ማሞ ወልዴ ሜክሲኮ ላይ ወርቅ ያመጣው በ36 ዓመቱ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ሙኒክ ላይ በ40 ዓመቱ ነሐስ አመጣ። ቀኑን አልረሳውም፣ የ1965 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር፣ ጳጉሜን 5። እኛ ሬዲዮ ከብበን ነበር። ያኔ ማሞን አርጅቷልና ይቅር ብንል ኖሮ ያ ሜዳሊያ አይኖርም። ደራርቱም ወልዳ ተመልሳ ነው ሲድኒ ላይ ወርቅ የወሰደችው፣ በ37 ዓመቷም ኒውዮርክን አሸንፋለች።

ሚኪ፦
ጋሽ ተሾመ፣ እርስዎ ያሉት ትክክል ነው፤ ግን ያው ሜክሲኮ ላይ አበበ ቢቂላ 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ በጉዳት አቋርጦ ወጥቷል። የሁለት ኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤቱ አበበ። የማሞን ስናነሳ የአበበንም እናንሳ።

ጋሽ ተሾመ፦
አንስተናል ልጄ። ግን አበበም ተሰልፎ ማሞም ተሰልፏል። አንዱ ሌላውን አላስቀረም።

አቤል ከዳላስ፦
እኔ ከምኖርበት አካባቢ አንድ ታሪክ ላምጣ። ቤዝቦል ብዙዎቻችሁ አትከታተሉም ይሆናል። ሳሚ ሶሳ የሚባል ዶሚኒካዊ መቺ ነበር፣ በ1998 ብቻ 66 ሆም ራን የመታ፣ ማለትም ኳሷን ከአጥር ውጪ የሰደደ። በ2005 ተዳከመ፣ 2006ን ሙሉ ዓመት አልተጫወተም። ሁሉም አበቃለት አለ። በ2007 እዚህ አርሊንግተን ያለው ቴክሳስ ሬንጀርስ ወሰደው፣ 38 ዓመቱ ነበር። ግን አወሳሰዱን ስሙ፤ ዋናው ቡድን ውስጥ ቦታ አልሰጡትም። የታችኛው ሊግ ውል ነው የፈረመው፣ ከወጣቶቹ ጋር በዝግጅት ጨዋታዎች ላይ ታይቶ፣ ቦታውን በዱላው አስመለሰ። በዚያ ዓመት 21 ሆም ራን መታ፣ 600ኛውንም የመታው በድሮ ክለቡ በቺካጎ ከብስ ላይ ነው። እኔ የምለው ትልቅ ስም ያለው ሰው ከዓመታት በኋላ ሲመጣ በሩን አትዝጉበት፣ ግን እንደማንም ተፈትኖ ይግባ።

የበቆጂዋ፦
አቤል፣ መፈተኑን እቀበላለሁ። ሶሳን ግን ከቀነኒሳ ጋር አታስቀምጥብኝ። የሶሳ ስም በአበረታች መድኃኒት ጥርጣሬ የተነካ ነው፣ የቀነኒሳ አይደለም። ስፖርቱም አይገናኝም። ቤዝቦል መቺ በአንድ ጨዋታ አራት አምስት ጊዜ ይቆማል፣ በመሀል ቁጭ ብሎ ያርፋል፣ ዛሬ ባይሳካለት ነገ ሌላ ጨዋታ አለ። ማራቶን ሯጭ በዓመት ሁለቴ ቢሮጥ ነው። ያቺ አንዷ ቀን ከከዳችው አለቀ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ትንሽ ታገሱኝ። ሁላችሁም የምታወሩት በ42 ዓመቱ ለምን ተወሰደ ብላችሁ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን በ34 ዓመቱ ለምን ቀረ የሚለው ነው። ለሪዮ 2016 አልተመረጠም። ኦሊምፒኩ ባለቀ በወሩ በርሊን ላይ 2:03:03 ሮጦ አሸነፈ። በ2019 ያው በርሊን ላይ 30ውን ኪሎ ሜትር ካለፉ በኋላ ወደ ኋላ ሲቀር እኔ ራሴ ዛሬም አቋረጠ ብዬ ነበር፤ ከዚያ ፊቱ የነበሩትን ብርሃኑ ለገሰንና ሲሳይ ለማን አንድ በአንድ ደርሶ አልፎ፣ ብራንደንቡርግ በርን አልፎ እየበረረ 2:01:41 ገባ። ከዓለም ሪከርዱ በሁለት ሰከንድ አነሰ። ሁለት ሰከንድ! በ2021 ቶኪዮ ሲደርስ ደግሞ ሰበታ ላይ በተደረገው የ35 ኪሎ ሜትር ማጣሪያ ስላልሮጠ ቀረ። የሄዱት ሦስቱ፣ ማራቶኑ በተደረገባት ሳፖሮ ላይ፣ አንዳቸውም አልጨረሱም። ኦሊምፒክ ማራቶን ሊሮጥ ይገባው በነበረበት ጊዜ ቤቱ ቀረ፣ ጉልበቱ ካለፈ በኋላ ተጠራ። የፓሪሱ 39ኛ የሱ ውድቀት ብቻ ተደርጎ ሲወራ ልቤ ይቆስላል።

ሚኪ፦
ስለሪዮ አንድ ነገር ልጨምር፤ በዚያ ማራቶን ፈይሳ ሌሊሳ ብር አምጥቷል። ምርጫው ከሽፏል ማለት አይቻልም። ቶኪዮ ላይ ግን እስማማለሁ። ከኦሊምፒክ ሦስት ወር ገደማ ሲቀር 35 ኪሎ ሜትር በፉክክር አስሩጦ ከዚያ ማራቶን ሩጡ ማለት እግር መጨረስ ነው። ይሄ አቤል ላለው ፈተናም መልስ ይሆናል። ማራቶን ላይ ማጣሪያው ራሱ ሯጩን ይበላዋል።

ሳምሪ፦
የበቆጂዋ፣ ስለ2016ም ስለ2021ም ያልሽው አሳማኝ ነው። ግን የዚያን ጊዜ በደል በ2024 የሚካሰው በሌላ አትሌት ቦታ መሆን የለበትም። ታምራት ምን አደረገ? ሲሳይ ባይጎዳ ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ ጠፋ ወርቅ ነበር፣ ያውም መጥፋቱን እንኳ ሳናውቅ።

ጋሽ ተሾመ፦
አቴንስን አስታውሱ። 10 ሺህ ሜትር፣ 2004። ቀነኒሳና ስለሺ ስህን ፊት እየመሩ አንገታቸውን እያዞሩ ኃይሌን ይፈልጉ ነበር። ኃይሌ ተረከዙን ታሞ ነበር የገባው። ሩጫውን ቀዝቀዝ አድርገው ጠበቁት። ሊያወጡት አልቻሉም፣ አምስተኛ ወጣ፤ ልጆቹ ግን ወርቁንና ብሩን ወሰዱ። ያኔ ኃይሌ ለምን ተመረጠ ብሎ የጮኸ ሰው አልሰማሁም። ያንን ትልቁን ወንድሙን ዞሮ ዞሮ ያየ ልጅ ነው ዛሬ ለምን ሄደ የምንለው።

ሳምሪ፦
ጋሽ ተሾመ፣ ያንን ሳይ ያለቀስኩ ነኝ። ግን እዚያ ውድድር ላይ የተጎዳው ኃይሌ ማንንም ተጠባባቂ አላደረገም ብለን እርግጠኛ መሆን እንችላለን? የቀረውን ልጅ ስም ማንም አያስታውስም። እኔ የምከራከረው ለሱ ነው።

አቤል ከዳላስ፦
ታዲያ ለሎስ አንጀለስ 2028 ምን ይደረግ ትያለሽ? ማጣሪያ የለም፣ ሰዓት ብቻም አይበቃም ካልን?

ሳምሪ፦
መስፈርቱ ከዓመት በፊት ተጽፎ ይውጣ። የመንገዱ ዓይነት ይታይ፣ አሯሯጭ በሌለበት ውድድር የተገኘ ውጤት ክብደት ይኑረው፣ ከጉዳት የተመለሰ ሰው ከኦሊምፒኩ በፊት ባሉት ሳምንታት ጤንነቱ በሐኪም ይረጋገጥ። ያንን ካሟላ 45 ዓመትም ቢሞላው ይሂድ።

የበቆጂዋ፦
በዚህ እስማማለሁ። ግን አንድ ጨምሪበት፤ የሚቀረው አትሌት ለምን እንደቀረ በጽሑፍ ይነገረው። ቀነኒሳ ሪዮ ሲቀር በአደባባይ ቅሬታውን አሰምቷል። ያን ያህል ስም የሌለው ልጅ ሲቀር ግን ማን ይሰማዋል?