አብሶሉት ማክሲመም ስፈልግ 10 መጣልኝ፣ ቁልፉ 59 ይላል፣ እርዱኝ

ተፈታኟ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ 12ኛ ክፍል ናቹራል ነኝ፣ ለኢንትራንስ እያጠናሁ አንድ ጥያቄ ላይ ቀርቻለሁ። ፈንክሽኑ ኤክስ ኩብ ሲቀነስ 3 ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 9 ኤክስ ሲደመር 5 ነው (በስልክ ስለሆነ በቃል ነው የጻፍኩት ይቅርታ)፣ ኢንተርቫሉ ከኔጌቲቭ 2 እስከ 6፣ ሁለቱም ጫፎች ይገባሉ። አብሶሉት ማክሲመሙ (በኢንተርቫሉ ውስጥ ከሁሉም የሚበልጠው ቫልዩ) ስንት ነው ይላል። ዴሪቬቲቩን (የግራፉን ስሎፕ) አወጣሁ፣ ዜሮ አድርጌ ስፈታው ኤክስ ኔጌቲቭ 1 እና 3 መጣልኝ። ሰከንድ ዴሪቬቲቩ ኔጌቲቭ 1 ላይ ኔጌቲቭ 12 ስለሆነ ማክሲመሙ እዛ ነው ብዬ ቫልዩውን ሳወጣ 10 ሆነ። ቁልፉ ግን 59 ይላል!! ከየት የመጣ 59 ነው?

ጋሽ ስሎፕ፦
ቁልፉ ልክ ነው። ስሌትሽም ልክ ነው፣ ግን የመለስሽው ያልተጠየቅሽውን ነው። 10 ሎካል ማክሲመም ነው፣ አጠገቡ ካሉት ይበልጣል እንጂ ከሁሉም ይበልጣል ማለት አይደለም፣ የሰፈር አንደኛ በይው። ኢንተርቫሉ ዝግ ከሆነ ሁሌም ጫፎቹንም አስገቢ፣ ምክንያቱም ግራፉ ገና ሽቅብ እየወጣ እያለ ኢንተርቫሉ ካለቀ ዴሪቬቲቩ ዜሮ ሳይሆን ትልቁ ቁጥር ጫፉ ላይ ይገኛል። ስለዚህ አራቱንም ኤክሶች ወደ ዋናው ፈንክሽን መልሰሽ ክተቺ (ወደ ዴሪቬቲቩ አይደለም፣ ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ ነው የሚበላው)፦
ኔጌቲቭ 2 ላይ 3
ኔጌቲቭ 1 ላይ 10
3 ላይ ኔጌቲቭ 22
6 ላይ 59
በቃ፣ ትልቁ 59 ትንሹ ኔጌቲቭ 22። ሰከንድ ዴሪቬቲቭ ምናምን ለዚህ ጥያቄ ጭራሽ አያስፈልግሽም፣ ጊዜ ማባከን ነው።

ኮንካቭ ዳውን፦
ጋሽ ስሎፕ ጥሩ አስቀምጠውታል፣ እኔ አንድ ነገር ልጨምር። ዴሪቬቲቭ ዜሮ ሆነ ማለት ማክሲመም ወይ ሚኒመም ተገኘ ማለት አይደለም፣ እጩ ተገኘ ማለት ነው። ይሄ ነገር የፌርማ ቲዎረም ይባላል፣ ፌርማ ቱሉዝ የነበረ ፈረንሳዊ የሕግ ሰው ነው፣ ኒውተንና ላይብኒዝ ካልኩለስን ሳይሠሩ ገና በ1630ዎቹ ማክሲመምና ሚኒመም የሚፈልግበት ዘዴ ነበረው (ሒሳብ ለሱ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነበር፣ ይገርማል)። ቲዎረሙ የሚለው ኢንተርቫሉ ውስጥ ሎካል ማክሲመም ወይ ሚኒመም ካለና እዛ ላይ ዴሪቬቲቭ ካለ ዜሮ ነው ነው፣ በግልባጩ ግን አይሠራም። ኤክስ ኩብን ብቻውን እዪው፣ ዜሮ ላይ ዴሪቬቲቩ ዜሮ ነው፣ ግራፉ ግን ትንሽ ጠፍጠፍ ብሎ መውጣቱን ይቀጥላል፣ ምንም የለም። አብሶሉት ቫልዩ ኦፍ ኤክስ ደግሞ ዜሮ ላይ ዴሪቬቲቭ ጭራሽ የለውም፣ ሚኒመሙ ግን እዛው ነው። ስለዚህ ክሪቲካል ነምበር (እጩ ኤክሶቹን) ስትፈልጊ ዴሪቬቲቩ የማይኖርበትንም ቦታ መያዝ አለብሽ።

ሎካሉን ለመለየት እኔ ሳይን ቻርት (ዴሪቬቲቩ የት ፖዘቲቭ የት ኔጌቲቭ እንደሆነ የሚያሳይ) ነው የምመርጠው። ያንቺን ብንወስድ ዴሪቬቲቩ ኔጌቲቭ 2 ላይ ሲሰላ 15፣ ዜሮ ላይ ኔጌቲቭ 9፣ 4 ላይ እንደገና 15፣ ማለትም ወጣ ወረደ ወጣ፣ ማክሲመሙና ሚኒመሙ ያኔውኑ ይታያል። ሰከንድ ዴሪቬቲቭ ግን ፈንክሽኑ ኤክስ 4 ፓወር ቢሆን ኤክስ ዜሮ ላይ ዜሮ ይሰጥሽና ምንም አይነግርሽም፣ እዛው ላይ ግን ሚኒመም አለ።

ተፈታኟ፦
ኧረ ተባረኩ፣ አሁን ገባኝ። ግን ኢንተርቫል ካልሰጡስ? ወርድ ፕሮብለም ላይ እኮ ብዙ ጊዜ አይሰጡም።

የማታ ተማሪ፦
ያንቺው ፈንክሽን ኢንተርቫል ባይኖረው አብሶሉት ማክሲመምም ሚኒመምም የለውም፣ ኤክስ ሲጨምር ዝም ብሎ ወደ ላይ፣ ሲቀንስ ወደ ታች ይሄዳል። ወርድ ፕሮብለም ላይ ግን ኢንተርቫሉን ራስሽ ከጥያቄው ታወጪዋለሽ። የተለመደው የቆርቆሮው ነው፣ ጎኑ 30 ሴንቲ ከሆነ ካሬ ቆርቆሮ አራቱ ማዕዘን ላይ በኤክስ ልክ ካሬ ተቆርጦ ሲታጠፍ ክፍት ሳጥን ይሆናል፣ ትልቁ ቮልዩም ስንት ነው? ከየጎኑ ሁለት ኤክስ ስለሚቀነስ ቮልዩሙ ኤክስ ሲባዛ በ30 ሲቀነስ 2 ኤክስ ሙሉው ስኩዌር ነው፣ ኤክስ ደግሞ ከ0 እስከ 15 ብቻ ነው፣ ከ15 በላይ የሚቆረጥ ቆርቆሮ የለም። ዴሪቬቲቩ 5 እና 15 ላይ ዜሮ ይሆናል። 15 ላይ ቆርቆሮው ሁሉ ተቆርጦ አለቀ፣ ቮልዩም ዜሮ፣ 0 ላይም ዜሮ። 5 ላይ 5 ሲባዛ 20 ሲባዛ 20፣ 2000 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር። ጥያቄውን ግን በደንብ አንብቢ፣ ስንት ተቆርጦ ካለ መልሱ 5 ነው፣ ቮልዩሙ ስንት ካለ 2000፣ ምርጫው ላይ ሁለቱንም ነው የሚያስገቡልሽ።