የበግና የፍየል አናፕላዝማ፦ በ16ኤስ ሁሉም ናሙና አንድ ሆኖ ወጣ

ቆላ21፦
ጤና ይስጥልኝ። አናፕላዝማን (በመዥገር የሚተላለፍ የደም ባክቴሪያ) ለመፈለግ ከበግና ከፍየል ደም ዲኤንኤ አውጥተን 16ኤስ በሚባለው የባክቴሪያ ጂን አጭር ቁራጭ ላይ ፒሲአር (ዲኤንኤ የማባዛት ምርመራ) ሠራን። ጥሩ ባንድ (የተባዛው ዲኤንኤ በጄል ላይ የሚያሳየው መስመር) የሰጡትን ሲኩዌንስ ስናደርግ፣ ማለትም የዲኤንኤውን ፊደል ቅደም ተከተል ስናስነብብ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኑ፤ ብላስት (የሲኩዌንስ ማነጻጸሪያ) ላይም ከአናፕላዝማ ኦቪስም ከአናፕላዝማ ማርጂናሌም ጋር እኩል ይገጥማሉ። የዘር ልዩነት የለም ብዬ ልጻፍ? ወይስ ሌላ ጂን ልጨምር? ከእንስሳቱ የተነቀሉ መዥገሮችም በ70 በመቶ አልኮል ተቀምጠዋል።

የላብ_ጠረጴዛ፦
እንዳይጽፉ። 16ኤስ እጅግ የተረጋጋ ጂን ነው። ወደ 1500 ፊደል ካለው ሙሉ ርዝመቱ ውስጥ ኦቪስ፣ ማርጂናሌና ሴንትራሌ የሚለያዩት በጥቂት ፊደሎች ብቻ ስለሆነ፣ አጭር ቁራጭ ከወሰዱ ልዩነቱ ያለበትን ቦታ ጭራሽ ላይነኩት ይችላሉ። ባክቴሪያው አንድ ዓይነት ስለሆነ ሳይሆን መለኪያው ስለማይለይ ነው።

ኤምኤስፒ4 የሚባለውን የአናፕላዝማ ጂን ይጨምሩ። ሙሉው ጂን ወደ 850 ፊደል ነው፤ በጂኖሙ ውስጥ አንድ ቅጂ ብቻ ስላለው ንባቡ ንጹሕ ይወጣል። የተለመዱት ፕራይመሮች (ማባዛቱን የሚያስጀምሩ አጭር የዲኤንኤ ቁራጮች) ግን ኦቪስንም ማርጂናሌንም ያባዛሉ፤ ስለዚህ የጄሉ ባንድ ዝርያውን አይነግርዎትም፣ ሲኩዌንሱ ነው የሚነግርዎት። ሌላው የአናፕላዝማ ዝርያ ፋጎሳይቶፊለም ከተጠረጠረ ግሮኢኤል ወይም አንክኤ የሚባሉት ጂኖች ይሻላሉ።

ሲኩዌንሱን ከሁለቱም አቅጣጫ ያስነብቡ፤ የፕራይመሩን ጫፍ ቆርጠው ይጣሉ። በአንድ ናሙና ላይ ብቻ የታየች የአንድ ፊደል ልዩነት አዲስ ሃፕሎታይፕ (የተለየ የዘር ዓይነት) ተብላ እንዳትመዘገብ፦ በፒሲአር ዲኤንኤውን የሚያባዛው ታክ ኢንዛይም ይሳሳታልና ከዲኤንኤው እንደገና አባዝተው ያረጋግጡ። በአንድ ቦታ ላይ ሁለት ጫፍ (ፒክ) ተደራርቦ ከታየ ድብልቅ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ ክሎን አድርገው፣ ማለትም ቁራጮቹን በላብ ባክቴሪያ ውስጥ አንድ በአንድ ለይተው፣ ከ5 እስከ 10 ኮሎኒ ያስነብቡ። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ናሙና «ተበላሽቷል» ብሎ ይጥለዋል፤ ልዩነቱ የተደበቀው ግን እዚያው ነው።

መዥገር_ለቃሚ፦
መዥገሮቹን በተመለከተ፦ ከእንስሳ ላይ የተነቀለ መዥገር ሆዱ በዚያው እንስሳ ደም የተሞላ ነው። ዲኤንኤ ተገኘበት ማለት መዥገሩ አስተላላፊ ነው ማለት አይደለም። ለአስተላላፊነት ማስረጃ ከፈለጉ የምራቅ እጢውን ለይተው ያውጡ፣ ወይም ያልጠገቡ መዥገሮችን በነጭ ጨርቅ ከሣር ላይ ይሰብስቡ። አምብሊዮማ የሚባለው የመዥገር ዓይነት እየሮጠ እንስሳ የሚፈልግ ስለሆነ በደረቅ በረዶ ወጥመድ ጥሩ ይያዛል።

ዝርያውን ሳይፈጩ በማይክሮስኮፕ ይለዩ፤ ከተፈጨ በኋላ መመለሻ የለውም። ቀይ እግር ያለው ሪፒሴፋለስ ኤቨርትሲ ብዙውን ጊዜ ከጅራት ሥርና ከፊንጢጣ ዙሪያ ይገኛል፤ ስለዚህ የተነቀለበትን የሰውነት ክፍል ጭምር ይመዝግቡ። ወጪ ለመቀነስ አምስት አምስቱን አንድ ላይ መፍጨት ስርጭትን ለማወቅ ይበቃል፤ ለዘር ልዩነት ግን አይሆንም፣ የየመዥገሩ ሲኩዌንስ ይቀላቀላል። አንድ በአንድ ይሥሩ፣ ግማሹን አካል ለመጠባበቂያ ያስቀሩ።

ቦረና_ቬት፦
አምብሊዮማ ካለ ኤርሊኪያ ሩሚናንቲየምን (ሃርትዎተር የሚባለውን በሽታ የሚያመጣውን ባክቴሪያ) አይርሱ። ከአምብሊዮማ ዝርያዎች በአገራችን በምዕራብ ቫሪጌተም፣ በደረቁ ቆላ ሌፒደምና ጌማ አሉ። ትኩሳት በሌለበት ጊዜ በደም ውስጥ ባክቴሪያው በጣም ጥቂት ነው፤ ከደም ኔጌቲቭ መውጣቱ ነፃ ነው አያሰኝም። ለምርመራ ፒሲኤስ20 የሚባለውን የባክቴሪያውን የዲኤንኤ ክፍል፣ ስትሬን (በአንድ ዝርያ ውስጥ ያለ ንዑስ ዓይነት) ለመለየት ደግሞ ማፕ1 የሚባለውን ጂን ይጠቀሙ። ማፕ1 ብቻውን ግን የቦታን ልዩነትም የመከላከል አቅምንም አይከተልም፤ ከግሮኢኤልና ከጂኤልቲኤ ዓይነት ጂኖች ጋር ይደምሩት። የሞተ እንስሳ ካገኙ ከአንጎል ሂፖካምፐስ ትንሽ በስላይድ ላይ ጨፍልቀው በጊምሳ ቀለም ይቅቡት፤ ባክቴሪያው በካፒላሪ ግድግዳ ሴሎች ውስጥ እንደ ዘለላ ይታያል።

ልዩነቱን ማወቅ ለአርቢውም ነው። በደቡብ አፍሪካ ለረጅም ጊዜ የኖረው የደም ክትባት ከቦል 3 ስትሬን የተሠራ ነው፤ ሁሉንም ስትሬን አይመክትም። በአንድ አካባቢ ስንት ዓይነት እንዳለ ሳይታወቅ ክትባት ማምጣት በግ ያስጨርሳል።

ቆላ21፦
አመሰግናለሁ። ደሙ ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል) ያለበት ቱቦ ውስጥ ነው፤ ሁለት ጊዜ ሟሙቶ እንደገና ቀዝቅዟል። ይሠራል?

የላብ_ጠረጴዛ፦
ለአጭር ቁራጭ ይሠራል፤ 850 ፊደል ላይ ግን ደካማ ባንድ ሊሰጥዎት ይችላል። የቀረውን ደም በ200 ማይክሮሊትር ከፋፍለው በ-20 ዲግሪ ሴልሺየስ ያስቀምጡ፣ ከዚህ በኋላ የሚያሟሙት አንዱን ብቻ ይሁን። ለቀጣይ ዙር ሄፓሪን (ሌላው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ) ያለበት ቱቦ አይውሰዱ፣ ፒሲአሩን ያፍነዋል። ኔስትድ (በሁለት ዙር የሚሠራ ፒሲአር) ከሠሩ ደግሞ የሁለተኛውን ዙር ቱቦ የሚከፍቱበት ክፍል ከዲኤንኤ ማውጫው የተለየ ይሁን፤ ውሃ ብቻ የያዘው ቁጥጥር ባንድ ካሳየ የዚያን ቀን ውጤት በሙሉ ይጣሉት።