«ፕራዮሪታይዝ» ሲሉኝ ልጀምረው ነው ወይስ ልደርድረው?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አለቃዬ አምስት ሥራዎች ዘርዝራ በኢሜይል ላከችልኝ። ከሥሩ «ፕሊዝ ፕራዮሪታይዝ ዚዝ ታስክስ» ብላለች። ሌላውን ሥራ ትቼ እነዚህን ልጀምር ነው ወይስ የቱ እንደሚቀድም ልንገራት? ዛሬውኑ መመለስ አለብኝ፤ እባካችሁ።

ቃል ወዳድ፦ ቅድሚያ ስጪ ማለት ነው። ሌላው ይቆይ፣ እነዚህ ይሠሩ እያለችሽ ነው።

መምህርት፦ እሱ አንዱ ፍቺ ነው። «ፕራዮሪታይዝ ሴፍቲ» ከተባለ በርግጥ ለደኅንነት ቅድሚያ ስጪ ነው። ከቃሉ በኋላ ዝርዝር ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ እንደ አጣዳፊነታቸው ደርድሪያቸው ማለት ይሆናል። ያንቺ ዓረፍተ ነገር ለሁለቱም ክፍት ነው፣ ግራ መጋባትሽ አይገርምም። «ኦቨር ኤቭሪቲንግ ኤልስ» ብላ ብትጨምርበት ከሌላው ሁሉ አስቀድሚ ማለቷ ይታወቅ ነበር። «ኢን ኦርደር ኦፍ ኧርጀንሲ» ብትል ደግሞ መደርደሩን ነው። አሁን ሁለቱም ስለሌሉ ከመገመት ጠይቂያት።

ጠያቂዋ፦ እንዴት ብዬ ልጠይቃት?

መምህርት፦ አጭር ይበቃል፦ «ሹድ አይ ራንክ ዚዝ፣ ኦር ዱ ዜም ቢፎር ማይ አዘር ወርክ?» በይ፤ ልደርድራቸው ወይስ ከሌላው ሥራዬ በፊት ልሥራቸው ማለት ነው። «ራንክ» ደረጃ ማስያዝ ብቻ ስለሆነ አያሻማም።

አርታኢው፦ እግረ መንገዴን፦ ስትጽፊ «ፕራዮሪታይዝ ቱ ዘ ሪፖርት» እንዳትዪ። እኛ «ለሪፖርቱ ቅድሚያ ስጥ» ስለምንል «ለ»ዋ «ቱ»ን ይዛ ትመጣለች። ይሄ ግስ መስተዋድድ አይፈልግም፤ «ፕራዮሪታይዝ ዘ ሪፖርት» ነው። «ቱ» ቦታዋ «ጊቭ ፕራዮሪቲ ቱ ዘ ሪፖርት» ላይ ነው። ግስ ሲከተለውም «ፕራዮሪታይዝ ፊኒሺንግ ዘ ሪፖርት» በይ፣ «ቱ ፊኒሽ» አይደለም። እነዚህ ሁለቱ በየቀኑ የማርማቸው ናቸው።

ቃል ወዳድ፦ ጥሩ ነው፣ መደርደሩን አላሰብኩትም ነበር። መጨረሻው በኤስ ተጽፎም አይቻለሁ፤ ስህተት ነው?

አርታኢው፦ አይደለም። አሜሪካኖች በዜድ ይጽፉታል፣ ብሪታንያ ውስጥ በኤስ የሚጽፉት ይበዛሉ። ሲነገር ጉልበቱ «ኦ» ላይ ነው፦ ፕራይ-ኦ-ሪታይዝ።

ጠያቂዋ፦ ጠየቅኳት፤ ደርድሪ ነው ያለችው! ቀኑ የደረሰውን አንደኛ አደረግሁት።

መምህርት፦ ጎበዝ። ያንቺን ሥራ ሳያገኝ መጀመር የማይችል ሰው ካለ ግን ያንን ሥራም ወደ ላይ አውጪው።