ለኢራቅ ጦርነት «አዎ» ያለ ዕጩ ድምፅ ይሰጠዋል ወይ?

ማታ_ሹፌር
ሰላም ቤቶች፣ ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው እንዳትጨቃጨቁኝ። ትናንት ከአጎቴ ጋር በስልክ ተቧቀስን ማለት ይቻላል። ሰውየው አሜሪካ በ2008 ፕራይመሪ (የፓርቲው ዕጩ መምረጫ) ላይ ሂላሪ ክሊንተንን «የኢራቅ ደም አለባት» ብሎ ትቷት ኦባማን መረጠ፣ በ2020 ደግሞ ምንም ሳይከብደው ባይደንን። ሁለቱም እኮ ኦክቶበር 2002 ላይ እዛው የአሜሪካ ሴኔት ውስጥ ሆነው ለዛው ጦርነት አዎ ያሉ ናቸው! ይሄን ስለው «አንተ ያኔ አፍንጫህን መናፈጥ እንኳ አትችልም ነበር» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። እስቲ ንገሩኝ፣ ዕጩው ድሮ የደገፈው ጦርነት እናንተ ጋ ስንት ይመዝናል? ወይስ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ብሎ ማለፍ ነው?

ጋሽ_ዝምታ
ልጄ እኛ ነበርን ያኔ። መጀመሪያ ነገር ያ ጦርነት በኋላ ነው እንጂ የተጠላው ሲጀመር ብዙው ሰው ደግፎታል። መንትዮቹ ሕንፃዎች ከፈረሱ ገና ዓመት ከወር ነው፣ የኮንግረስ ምርጫ ሊደርስ ወር እንኳ አልቀረውም፣ ሰዉ መኪናው ላይ ባንዲራ ሰቅሎ ነው የሚነዳው። ሴኔቱ 77 ለ23 አጸደቀው፣ ከሪፐብሊካኖቹ እምቢ ያለው ሊንከን ቼፊ ብቻውን ነው። አሁን ብትጠይቅ ሁሉም «እኔማ ተቃውሜ ነበር» ይልሃል፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ግን ጊዜው አስፈርቷቸው ነው ብለን እንዳንምራቸው ደግሞ የሚኒሶታው ፖል ዌልስተን አለ፣ በዛው ኖቬምበር ራሱ ለምርጫ የሚቀርብ፣ ፉክክሩ አንገት ለአንገት የሆነበት ሰው፣ እሱ እምቢ አለ። (ምርጫው ሳይደርስ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፣ ነፍስ ይማር።)

ሰነድ_አገላባጯ
ጋሼ ልክ ነዎት፣ ግን ለኔ አዎ ወይ እምቢ ብቻ አይበቃኝም፣ ከድምፁ በፊት ምን አደረጉ የሚለው ነው የሚበልጥብኝ። ስለ ኢራቅ መሣሪያ የተጻፈ 90 ገጽ ገደማ የሆነ ሚስጥራዊ ሪፖርት ነበር፣ ሴናተር የሆነ ሁሉ ገብቶ ማንበብ ይችላል፣ ያነበቡት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የሴኔቱን የኢንተለጀንስ (የስለላ ጉዳዮች) ኮሚቴ ይመራ የነበረው ቦብ ግራሃም አነበበውና እምቢ አለ። ሂላሪ ሰዎች አስረድተዋታል እንጂ ሙሉውን አላነበበችም። 90 ገጽ እኮ ነው በናታችሁ፣ እኔ የቤት ኪራይ ውል ስፈርም እንኳ ከዛ በላይ እጠነቀቃለሁ! በዛ ላይ ሴናተር ካርል ሌቪን «መጀመሪያ የተባበሩት መንግሥታት ይፍቀድ፣ ካልሆነ ወደኛ ተመለሱ» የሚል አማራጭ አቅርቦ ነበር፣ እሱንም ሂላሪ አልደገፈችውም። እና «ዲፕሎማሲውን ለማጠናከር ነው አዎ ያልኩት» ስትል በኔ በኩል አይዋጥልኝም።

ቀጭን_ጌታ
አንቺ እኮ ድሮውን ቆፍረሽ ቆፍረሽ ልትገዪን ነው ሃሃሃ። እኔ ማየት የምፈልገው ሰውየው ሲሳሳት አምኖ መናገሩን ነው። እንደነሱ አዎ ብሎ የነበረው ሴናተር ጆን ኤድዋርድስ በ2005 ተሳስቻለሁ ብሎ በጋዜጣ ጻፈ፣ ባይደንም በዛው ዓመት ስህተት ነበር አለ። ሂላሪ ግን በ2007 ኒው ሃምፕሻየር ላይ ስህተት ነው እንድትል ሲወተውቷት፣ ይሄ ከምንም በላይ ካስጨነቃችሁ ሌላ ሰው ምረጡ ነው ያለቻቸው፣ ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይሄ አይደል? ተሳስቻለሁ ብላ የጻፈችው በ2014 ነው፣ ፕራይመሪውን ከተሸነፈች ስንት ዓመት በኋላ።

ሰነድ_አገላባጯ
@ቀጭን_ጌታ ባይደንህ እኮ በ2019 ለሬዲዮ ሲናገር ጦርነቱ እንደጀመረ ወዲያው ተቃወምኩ ብሎ ነበር፣ የምርጫ ዘመቻው ሰዎች ናቸው በኋላ ተሳስቶ ነው ያሉት። ይቅርታ ጠይቆ ሲያበቃ ታሪኩን ማሳመር ምን ይባላል? ኦባማም ቢሆን በ2002 ቺካጎ ላይ ሰልፍ ወጥቶ ተናገረ እንጂ ያኔ የኢሊኖይ ምክር ቤት ውስጥ ነው፣ ዋሽንግተን ሆኖ ድምፅ አልሰጠም። ከሜዳ ውጭ ሆኖ ጎል መሳት የለም።

ጋሽ_ዝምታ
ልጆች ይቅርታውንም ሪፖርቱንም ተዉትና ቀጣዩ ጦርነት ሲመጣ ምን አሉ? 2009 ላይ አፍጋኒስታን ተጨማሪ ጦር ይላክ ሲባል ሂላሪ ደገፈች፣ ባይደን አይላክ ብሎ ተከራከረ። 2011 ላይ ሊቢያ ሲመጣ እሷ እንግባ አለች፣ እሱ አይሆንም አለ። አንዱ ከኢራቅ የሆነ ነገር ተምሯል፣ ሌላዋ አልተማረችም። የልጁ አጎት ይሄን ዓይቶ ከሆነ የመረጠው ምንም አልተምታታበትም።

ማታ_ሹፌር
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ያላሰብኩት ነገር ነው የነገሩኝ። አሁን ለአጎቴ ደወልኩለት። ሊቢያ ምናምን ስለው «ምን ሊቢያ ትለኛለህ፣ ትራምፕን ለማስወጣት ነው እንጂ» አለኝ። ትራምፕም እኮ በ2002 ሬዲዮ ላይ ኢራቅ እንግባ ወይ ሲባል አዎ መሰለኝ ብሎ ነበር ልለው ስል ዘጋብኝ።